በርበሬ የለበለበውን እጅ ውሃ ብቻውን አያስታግሰውም

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለወንድምሽ የመልስ ድግስ ሁለት ኪሎ ቃሪያ ለስንግ ስትሰነጥቂ አምሽተሽ እጅሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲለበልብሽ እንዳደረ፣ በሙቅ ውሃ ብትዘፈዝፊውም እንደባሰብሽ፣ ጠዋት ደግሞ የስምንት ወር ልጅሽን ስታነሺ ዐይኑን ነክተሽው እንዳለቀሰ ጽፈሻል። አሁን ከዐቢይ ጾም በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመት በርበሬ በራስሽ ልታዘጋጂ ስለሆነ ከወዲሁ ምን ብትጠነቀቂ እንደሚሻል ጠይቀሻል። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ላለፉት 9 ዓመታት ለራሴም ለእህቶቼም ቤት በርበሬ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ፤ አንቺ ላይ የደረሰው እኔም ላይ ደርሶ ስለነበር መልሴ ቢረዝም አትፍረጂብኝ።

በርበሬንም ሆነ ቃሪያን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ብለን እናምናለን፤ ዋናው መገኛው ግን ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ የውስጥ ሥጋ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ጋር ስለሚነካካ ነው። ስለዚህ ስንግ ስታዘጋጂ ያንን ነጩን ክፍል በጥፍርሽ እየፈለቀቅሽ ያወጣሽ እንደሆነ፣ ከቃሪያው ሁሉ ብርቱ የሆነውን ክፍል ከጥፍርሽ ሥር እያስገባሽ ነበር ማለት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በዘይትና በአልኮል ግን ይሟሟል። ውሃ ብቻ ሲፈስበት ከቆዳ ላይ አይነሳም፤ ይልቁንም ወዳልነካው ቦታ ይሰራጫል። የሙቅ ውሃው ነገር ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ካፕሳይሲን የሚቀሰቅሰው፣ ሰውነታችን ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነን ሙቀት የሚለይበትን ያንኑ የነርቭ ተቀባይ ነው፤ ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኙት አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። እጅሽ በርበሬ ነክቶት ሳለ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ሁለቱ በአንድ ተቀባይ ላይ ይደራረባሉ፤ በሌላ ጊዜ ምንም የማይልሽ ለብታ እንደ ፈላ ውሃ የሚሰማሽ ለዚህ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በልጄ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት 12 ኪሎ የማረቆ ዛላ ገዝቼ ከምሳ በኋላ በባዶ እጄ ስቀነጥስ ዋልኩ። እየሠራሁ ሳለ ምንም አልተሰማኝም ነበር። የደረቀ በርበሬ እንደ እርጥብ ቃሪያ ወዲያው ስለማይናገር ጓንት የሚባለው ነገር ትርፍ ወጪ መሰለኝ። ማታ ላይ እጄን በሳሙና አንድ ጊዜ ታጥቤ፣ ያኔ አንድ ዓመት ተኩል የነበረውን ልጄን ለብ ባለ ውሃ ላጥበው ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት። ገና ፊቱን ስዳብሰው ጮኸ። ውሃው የፈላ መስሎኝ ቀዝቃዛ ጨመርኩበት፤ እንባውን በአውራ ጣቴ ስጠርግለት ደግሞ ጨርሶ ዐይኑን መግለጥ አቃተው። ያን ጊዜ ነው የራሴም ጣቶች ከጥፍሬ ዙሪያ ጀምረው መንደድ የጀመሩት። ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ እኔን ወደ ኋላ አድርገው ልጁን በራሳቸው እጅ አቀፉትና ዐይኑን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት ጀመር፤ እኔን ግን «በመጀመሪያ እጅሽን ዘይት ቀቢ» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ዐይኑን ለረጅም ጊዜ አጥባ ጉዳት እንደሌለው ነገረችን። ያን ምሽት ልረሳው አልችልም።

አሁን እጅሽ ገና የሚያቃጥልሽ ከሆነ እንዲህ አድርጊ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የምግብ ዘይት መዳፍሽ ላይ አፍስሺና በጣቶችሽ መካከል፣ በጥፍርሽ ሥርና በእጅ አንጓሽ ላይ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ አሺው። ከዚያ በውሃ ሳትነኪው በሶፍት ወይም በሚጣል ጨርቅ ጥረጊው፤ ዘይቱ ካፕሳይሲኑን ይዞ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥለሽ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፤ ከጥፍርሽ ሥር ያለውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጪው። ይህን ሁለትና ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልግ ይሆናል። ከኮሮና ወቅት የተረፈ ሳኒታይዘር ካለሽ አልኮሉ ያግዛል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ግን አታድርጊው፣ ከምድጃም ራቂ። በረኪና የሚመክሩሽ ሰዎች ይኖራሉ፤ እባክሽ አትስሚያቸው፤ የተቆጣን ቆዳ በበረኪና ማጠብ በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው። ከታጠብሽ በኋላ የሚቀረውን ሕመም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያስታግሰዋል፤ ለሰዓታት ቢቆይም እየቀነሰ ይሄዳል። ቆዳሽ ውሃ ከቋጠረ ግን ሐኪም ይየው።

የዐይን ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዐይን ውስጥ ሲገባ ማሸት አይገባም፤ በርበሬ የነካው እጅም ሊረዳ መምጣት የለበትም። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ከቧንቧ ወይም ከንጹሕ ጆግ ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያፍስስበት። በዐይን ሌንስ የሚጠቀም ሰው እጁን በደንብ ከታጠበ በኋላ ሌንሱን ያውጣ። በእኛ አገር ቅቤ ወይም የጡት ወተት ዐይን ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ በፍቅር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ነገር በተቆጣ ዐይን ውስጥ መጨመር ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል እንዲቀር እለምናለሁ። ከታጠበ በኋላም ሕመሙ፣ ብዥታው ወይም ብርሃን መፍራቱ ካልተወው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ልጅሽ አሁንም ዐይኑን የሚያሽ ወይም ዐይኑ የቀላ ከሆነ የእኔን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ውሰጂው። አፍ ለተቃጠለ ሰው ግን ወተት ወይም እርጎ ከውሃ ይሻላል፤ ጾመኛ ከሆነ እንጀራ ወይም ዳቦ ማኘክ ይረዳዋል።

ወደ በርበሬው ልምጣ። ከመቀንጠስሽ በፊት ከፋርማሲ ጓንት ግዢ። ናይትራይል የሚባለው ከተገኘ እርሱን እመርጣለሁ፤ ስሱ የላስቲክ ጓንት ዘይት ሲነካው ይዳከማል፣ ሳይታወቅም ይቀደዳል። ናይትራይል ካልተገኘ ስሱን ሁለት ደርበሽ ልበሺና በየሰዓቱ ቀይሪ። ፌስታል በእጅ ላይ ማሰር የተለመደ ቢሆንም በአንጓ በኩል ዱቄቱ ይገባል፤ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካቻምና ጓንት ለብሼ ስቀነጥስ ስልክ ተደወለና በዚያው ጓንት አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግኩት፤ ከሰዓት በኋላ የጉንጬ ግማሽ በስልኩ ልክ ቀልቶ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ጸጉርሽን በሻሽ እሰሪ፣ አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ። ቢላዋውንና መክተፊያውን እንደ እጅሽ በዘይትና በሳሙና ሳታጥቢ ፍራፍሬ አትክተፊበት። ዛላውን ስታሰጪም ልጆች እንዳይቀርቡት አድርጊ። ዶሮዎች ፍሬውን ያለ ምንም ችግር ስለሚለቅሙት «ይህስ አያቃጥልም» የሚሉ አሉ፤ አእዋፍ የካፕሳይሲንን ማቃጠል አይሰማቸውም፤ ስለዚህ የዶሮ መልቀም ለሕፃን ማረጋገጫ አይሆንም።

ማመሱን በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው አደራ። ምጣዱ ሲግል የሚነሣው ጢስ ካፕሳይሲኑን ተሸክሞ በደረጃው ወደ ላይ ይወጣል። እኔ በመስኮት ይወጣል ብዬ ባመስኩበት ቀን ከላዬ የሚኖሩ አስም ያለባቸው አባት ሳላቸው አልቆም ብሎ ልጃቸው ወደ ውጭ ደግፋ አወጣቻቸው፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጢሱ ጤነኛውን ያስነጥሳል ያስለቅሳል፤ አስም ያለበትን ግን ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። ኮሚናሉን፣ ማለትም የነዋሪዎቹን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ከብሎክ ኮሚቴው ጠይቀሽ ያዢ፤ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቺ፣ ወይም ሜዳ ላይ ነፋሱ ከጀርባሽ ወደ ፊት የሚነፍስበትን ቦታ ምረጪ። እንደ ቱሉ ዲምቱ ባለ ገላጣ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ እኔ ጠዋት ማለዳ እጀምራለሁ፤ በዋዜማውም ለጎረቤቶቼ በር እያንኳኳሁ እነግራቸዋለሁ። እሳቱ መጠነኛ ይሁን፤ በጥቂት በጥቂቱ እያገላበጥሽ እመሺ። ያረረ በርበሬ ጢሱም ይከፋል፣ ወጡም ይመራል። ወፍጮ ቤት ሕፃን አትውሰጂ፤ ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ከረጢቱን ወዲያው ከፍተሽ ፊትሽን አታስጠጊበት፤ ቤት ስትደርሺ ዘርግተሽ ካቀዘቀዝሽው በኋላ ወደ ዕቃ ገልብጪው።

ልጅሽ ጡት የሚጠባ በመሆኑ ለዚያን ቀን የሚያጥበውና የሚያቅፈው ሌላ ሰው አዘጋጂ። ከማጥባትሽ በፊት የሠራሽበትን ልብስና ሻሽ ደጅ አራግፈሽ ቀይሪ፤ ከልጅሽ ጨርቆች ጋርም አትጠቢው። ጓንቱን በውስጡ ገልብጠሽ አውልቂና ጓንት ለብሰሽ የነበረ ቢሆንም እጅሽን በዘይት፣ ቀጥሎም በሳሙና እጠቢ። ከዚያ ልጅሽን ከመንካትሽ በፊት የእያንዳንዱን ጣትሽን ጫፍ ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ ለጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፤ ከንፈርሽን ትንሽም ቢሆን ከለበለበሽ ወደ ዘይቱ ተመለሺ።