ሶላርዊንድስ ከጥቃቱ በኋላ እንዴት ተነሳ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኔትወርክ መከታተል እንጀራዬ ነው። ስለ ሶላርዊንድስ ጥቃት የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳንምታታ።

ጥያቄ፦ እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይሄ ኩባንያ ምን ሠርቶ ነው ያን ያህል የተወራለት?

ኦስቲን፣ ቴክሳስ ያለ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ኦሪዮን የሚባለው ምርቱ የአንድን መሥሪያ ቤት ሰርቨርና ራውተር (ዋና ኮምፒውተሮቹንና መስመር አገናኞቹን) ከአንድ ስክሪን ይከታተላል። የቱ ተቋረጠ፣ የቱ ተጨናነቀ፣ ይናገራል። ለዚህ ሥራው የብዙ በር ቁልፍ ይሰጠዋል። እንግዲህ ዘበኛው ከተያዘ ግቢው ተያዘ ማለት ነው።

በ2020 ከማርች እስከ ጁን በወጡ አፕዴቶች ውስጥ ሰንበርስት የተባለ ተንኮለኛ ኮድ ተደብቆ ነበር። እስከ 18,000 ደንበኞች ሳያውቁ አወረዱት። ጠላፊዎቹ መርጠው የበረበሩት ግን 9 የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና ወደ 100 የሚጠጉ ኩባንያዎችን ነው። አሜሪካ በኤፕሪል 2021 ድርጊቱን በሩሲያ የውጭ ስለላ ድርጅት ላይ አስቀመጠች። ሞስኮ የለሁበትም አለች።

ጥያቄ፦ አፕዴቱ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ነበረበት አሉ። የተፈረመ ነገር እንዴት ይበረዛል?

ጥሩ ጥያቄ። እህሉን ለቅመህ፣ አበጥረህ ወፍጮ ቤት ወሰድክ እንበል። እህሉ ንጹሕ ነው። ዱቄቱም በጆንያ ተሰፍቶ ማኅተም ተመትቶበት ወጣ። ግን ሲፈጭ አንድ ሰው እፍኝ ባዕድ ነገር ጨመረበት። እህሉን ብታይ ንጹሕ፣ ማኅተሙን ብታይ ትክክል።

የሆነው ይሄ ነው። ሰንስፖት የተባለ ሌላ ኮድ፣ ኦሪዮን ከምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮች ከሚጽፉት ጽሑፍ) ወደ ፕሮግራም የሚቀየርበት ማሽን ላይ አድፍጦ ተቀመጠ። ሥራው ሲጀመር አንዱን ፋይል በተበረዘ ፋይል ይተካል፤ ሲያልቅ የቀድሞውን ይመልሳል። ፊርማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ትዕግሥታቸው! በ2019 መጸው ላይ ጉዳት የሌለው ኮድ አስገብተው ሞክረዋል። ሰንበርስት ራሱም ደንበኛው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ይተኛ ነበር።

ጥያቄ፦ ማን ነቃባቸው?

ፋየርአይ፣ እሱም የደኅንነት ኩባንያ ሆኖ የተጠለፈ። በአንድ ሠራተኛ ስም ሁለተኛ ስልክ ለመግቢያ ማረጋገጫ ተመዘገበ። ያንተ ነው ወይ ሲባል፣ አይደለም አለ። ክሩ የተመዘዘው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ነገሩ ሁሉ የመጣው ፓስዎርዳቸው ሶላርዊንድስ123 ስለነበር አይደል?

ይሄ ወሬ ስለሚያስቅ ነው የማይሞተው። ፓስዎርዱ እውነት ነው፤ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ ተገኝቷል። ኩባንያው ግን ከሰንበርስት ጋር አይገናኝም ብሏል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የኩባንያው ኃላፊዎች የአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ ጥፋቱን አንድ ተለማማጅ ላይ ጣሉት። አላማረባቸውም።

ጥያቄ፦ "እንደገና ገነባን" ይላሉ። ምኑን ነው የገነቡት? ማስታወቂያ ይመስለኛል።

ከፊሉ ማስታወቂያ ነው፣ አልዋሽም። ወፍጮ ቤቱ ግን በእርግጥ ተቀይሯል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሱድሃካር ራማክሪሽና የተመረጠው ጥቃቱ ይፋ ከመሆኑ በፊት ነው። ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 4፣ 2021፣ ቤቱ እየተቃጠለ ሳለ። መርማሪ እንዲሆኑ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክና የኦዲት ድርጅቱ ኬፒኤምጂ ገቡ፤ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ኃላፊ የነበረው ክሪስ ክሬብስም በአማካሪነት ተቀጠረ።

ከዚያ አንዱን ኮድ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ጎን ለጎን መገንባት ጀመሩ። በምሳሌያችን፣ አንዱን እህል ሦስት ወፍጮ ቤት ወስዶ ዱቄቱን ማስተያየት ነው። ሦስቱ ካልተመሳሰሉ ምርቱ አይወጣም። የሦስቱንም ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው የለም። ማሽኖቹም ለሥራው ተነስተው፣ ሲያልቅ ይፈርሳሉ፤ ስለዚህ ሰንስፖት እንዳደረገው ወራት አድፍጦ መቀመጥ ከባድ ነው። አሠራሩን በ2022 ለሕዝብ ይፋ አድርገዋል። እኔን ከመግለጫዎቻቸው ሁሉ ያሳመነኝ ይሄ ነው፤ ሌላው ባለሙያ አይቶ ሊተቸው ይችላላ።

ጥያቄ፦ ደንበኛው ሁሉ ለምን ጥሏቸው አልሄደም?

የሄደም አለ። የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 2020 መሥሪያ ቤቶቹን ኦሪዮንን ንቀሉ ብሎ አዟል። ግን መከታተያ ሶፍትዌር መቀየር የቤት ዕቃ እንደ መቀየር አይደለም። ሺህ መሣሪያ የተመዘገበበት፣ ማንቂያው ሁሉ ለዓመታት የተስተካከለበት ነገር ነው። ስለዚህ ታማኝነት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ድካምም አለበት። ኦሪዮን የሚለውን ስም ግን ኩባንያው ራሱ ተወው።

ጥያቄ፦ በሕግ የተጠየቀ ሰው አለ?

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በኦክቶበር 2023 ኩባንያውንና የደኅንነት ኃላፊውን ቲም ብራውንን ከሰሰ። ተቆጣጣሪው የደኅንነት ኃላፊን በስሙ ሲከስ አይተን ስለማናውቅ በሙያው ያለን ሁሉ ደንግጠን ነበር። ዳኛው በጁላይ 2024 አብዛኛውን ክስ ጣሉት፣ በኖቬምበር 2025 ተቆጣጣሪው ራሱ የቀረውን አነሳ። ኩባንያውን የከሰሱ ባለአክሲዮኖች ግን ከፍርድ በፊት በ26 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተዋል። ኩባንያውን ደግሞ ተርን ሪቨር የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በኤፕሪል 2025 በ4.4 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዝቶታል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው፣ አነስተኛ ቢሮ ነው። አለቃዬ ከዚያ ወዲህ አፕዴት አታድርግ ይለኛል። ልክ ነው?

አይደለም፣ ወንድሜ። ባልታደሰ ሶፍትዌር የሚጠለፈው ሰው ይበዛል። ለአለቃህ ሌላ ነገር አሳየው። ሰንበርስት ትእዛዝ ለመቀበል ወደ ውጭ መደወል ነበረበት። መከታተያ ሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ በፋየርዎል (ገቢና ወጪ መስመርን በሚቆጣጠር በር) የተዘጋበት ቦታ፣ ኮዱ ቢገባም አፉ ተለጉሞ ቀርቷል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የእናንተ ሰርቨር ወዴት ወዴት መውጣት እንደሚችል እየው። ለአፕዴት የሚያስፈልገውን አድራሻ ብቻ ተውለት፣ ሌላውን ዝጋ።