ፍሉኮናዞል ከመዋጣችሁ በፊት

ልጆች፣ አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ነው። ፈንገስ ያስቸገራቸውን ወጣቶች አሁን ከበር አውቃቸዋለሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ መደርደሪያ ያያሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፍሉኮናዞል አለ?» ይላሉ። ከፍለው ውልቅ ማለት ነው የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ የምነዘንዘው እዚያ ላይ ነው።

«ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለስኳርስ? ለሚጥል በሽታስ?»

«እሱማ አለ፤ እሱ እኮ ቆየ!»

ለእነሱ ሲወስዱት የቆዩት ኪኒን እንደ መድኃኒት አይቆጠርም። ጣጣው ግን የሚመጣው ከእሱ ነው። ፍሉኮናዞል ጉበታችን ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያብላላባቸውን ኢንዛይሞች ያዳክማል። ስለዚህ የለመዳችሁት መድኃኒት መጠኑ ሳይጨመር ደም ውስጥ ይከማቻል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሊደማ ይችላል። ለስኳር በሽታ ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይንም ይጠራቀማል። ኤሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ደግሞ የልብ ምት ስለሚያዛባ ጨርሶ አብሮ አይወሰድም።

«አንድ ፍሬ ምን ታመጣለች?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ለብልት ፈንገስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 150 ሚሊግራም አንዴ ብቻ ነው። ግን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ እንኳ 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአፍ ፈንገስ ሲታዘዝ ደግሞ በየቀኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይዋጣል። የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባችሁ፣ ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት አለርጂ ሆኖባችሁ ከነበረ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከወሰዳችሁ በኋላ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ቆዳችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሴቶች ልጆቼ፣ የወር አበባችሁ ከዘገየ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ ኪኒን ከፅንስ መውረድ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለነፍሰ ጡር ክሎትሪማዞል የሚባል በብልት የሚገባ የፈንገስ መድኃኒት አለ፤ ለ7 ቀን ይወሰዳል። ሰው ፊት መመለስ ካሳፈራችሁ «ለብቻ ላናግርህ» በሉት። ፋርማሲስቱ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለውም የራሱ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ፈንገስ መሆኑን በምን አወቃችሁ? የሚያሳክክ፣ አይብ የመሰለና እምብዛም ሽታ የሌለው ፈሳሽ ከሆነ ያስጠረጥራል። ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ግን ምናልባት ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ኪኒንም አይነካውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ተመርመሩ እንጂ ጓደኛችሁ የተረፋትን አትዋጡ። እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁም ስኳርና ኤችአይቪ ተመርመሩ።

የአስም ታካሚዎች፣ ስቴሮይድ ያለበትን ኢንሄለር ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡና ትፉት። እንዲህ በማድረግ ብቻ የአፍ ፈንገስ የሚቀርለት ሰው አለ፤ ያኔ ኪኒኑም አያስፈልግም።