መረብ ስላቃጠለው ወጣት፣ በቆሎ ስለበላው ጉማሬና ስለ ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የመጡ ናቸው። በአሳና በዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ጽፈዋል። መሥራት የሚፈልጉም፣ ልጃቸው እዚያ ሥራ ገብታ የተጨነቁም አሉ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ። ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄጄ ጥሬ አሳ በአዋዜ ብበላ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አሳው ውስጥ ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል፤ አዋዜም ሎሚም አይገድለውም። ጥብሱን ወይም ሾርባውን ብዪ። ቀድመሽ በልተሽ ከሆነ ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ የአዳማ ልጅ ነው። ወንዶ ገነት ኮሌጅ ተምሮ ጨርሶ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የሲዳማ አስጋሪዎች ማኅበር በአሳና በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያነት ቀጠረው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ጫጩት አሳ ሳይቀር የሚይዙ ዓይነ ጠባብ መረቦችን ሰብስቦ ሰው እያየ አቃጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ የሚያሳፍረው ጠፋ። ሰላም ሲል እንኳ የሚመልስለት ጥቂት ሰው ነው። «ሕጉ ከኔ ጋር ነው። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። አዋጁ የማስገሪያ መሣሪያ ቁጥጥርን የሚሰጠው ለዚሁ ሥራ ለተመደበ ተቆጣጣሪ ነው። አንተ የማኅበሩ ተቀጣሪ ነህ። ተቆጣጣሪ ሆነህ በደብዳቤ ካልተመደብክ የሰው ንብረት ማቃጠልህ ራስህን ሊያስጠይቅህ ይችላል። ነገ ዛሬ ሳትል የክልሉ ግብርና ቢሮ ሂድና የሕግ ክፍሉን በአካል አነጋግር። ይህን የምልህ ለወግ አይደለም። ሳትሄድ ሌላ መረብ እንዳትነካ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ዓይነ ጠባብ መረብ የሚጥለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀሃል? ብዙ ጊዜ ሌላ መረብ መግዛት ያቃተው ነው። ሰፊው መረብ ባዶውን ሲወጣበት ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ ጠባቡን ያነሳል። ያን መረብ የሸጠለት ነጋዴ አለ። ጫጩቱን አሳ እየቆጠረ የሚገዛው ደንበኛም አለ። አንተ ያገኘኸው በሰንሰለቱ መጨረሻ የቆመውን ደሃ ብቻ ነው። መረቡን ስታቃጥል ያየህ መንደር የገባው ይህ ነው። ስለ አሳው ያሰብከው በጎ ነገር አልታየውም።

ልክ ነህ፣ ጫጩት መጨረስ ሐይቁን ይጎዳል። ግን ይህን ለእነሱ ለማስረዳት ከአዋጁ የተሻለ ነገር በእጅህ አለ። ቆሮሶ የሚባለው አሳ እንዴት እንደሚራባ ታውቃለህ። ወንዱ ዳር ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ጎድጓዳ ሠርቶ ይጠብቃል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አስጋሪዎቹ ይህን ከአንተ በፊት አይተውታል። መረብ ውስጥ ሆና ጫጩቶቿን የምትተፋ እናት አሳ ያላየ ሽማግሌ አስጋሪ አለ ብዬ አላምንም። ስለዚህ አታስተምራቸው፤ ጠይቃቸው። እንዲህ ያለች አሳ በየትኛው ወር ትበዛለች? በየትኛው ፊላና ደንገል ሥር? ቆሮሶ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ የሚበረታበት ጊዜ ግን አለው። ያን ጊዜና ያን ቦታ ከእነሱ አፍ ስማና ጻፈው። የሚዘጋው ዳርቻ የትኛው እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩሃል። ራሳቸው የነገሩህን ቦታ ደግሞ ራሳቸው ይጠብቁታል።

ቋንቋውንም ተማር። ሲዳምኛ ሳትችል የሲዳማ አስጋሪዎችን አገለግላለሁ ማለት አይሆንም። ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ በሽንጓቸው ማለት ነው፣ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ አስተርጓሚ ይዘህ ከዳር ትቆማለህ፤ የነገሩ ፍሬ ግን ያመልጥሃል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ላይ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሲመክሩ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ተፈጥሮን መጠበቅ በዚህ ሕዝብ ዘንድ ካንተ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹን ግን የቢሮህ ድምፅ ማጉያ አታድርጋቸው። ወስነህ ጨርሰህ «ለሕዝቡ ንገሩልኝ» ካልካቸው ይገባቸዋል፣ ይቀየሙሃልም። ሳትወስን ሂድ።

መንዝ ጓሳ ላይ የሆነውን አስብ። የቄሮ ሥርዓት የሚባለው የመንዞች ደንብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበር ይነገራል። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ የሚከፈትበትን ጊዜ ማኅበረሰቡ ይወስናል። ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ አካባቢውም ተጎዳ። በኋላ ሰዎቹ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቆሙት። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ይኖራሉ። ልብ በል፣ መጀመሪያ የተዘጋው ለቀበሮው ተብሎ አልነበረም። ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ሣር ሲባል ነው። የሰው ጥቅም ሲጠበቅ አውሬውም አብሮ ተጠበቀ።

ነባር ደንብ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በየቦታው የባላባት ዘር ያልሆነ ድርሻ ያጣበት፣ ሴቶች ያልተጠየቁበት ደንብ ነበር። ጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች በአሳና በደንገል ታንኳ ኖረዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ግን ለረጅም ዘመን አግልለዋቸዋል። አንተም ሶንጎው ውስጥ የማይቀመጡትን ፈልግ። ዳር ላይ ቅርፊት የምትልጠውን ሴት፣ መረብ የሚጠግነውን ልጅ ጠይቅ።

ስለ ማስታወሻ ደብተርህም ልንገርህ። ቀኑን፣ የመረቡን ዓይን ስፋት፣ መረቡ ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ስንት ቆሮሶና ስንት አምባዛ እንደወጣ፣ ርዝመታቸውን ጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሩ ቢሮ ከመድረሱ በፊት ለሰጡህ ሰዎች አንብብላቸው። እነሱ ያልሰሙት ቁጥር አንድ ቀን «ሐይቁ ይዘጋ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይመጣባቸዋል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ደግሞ መሠረት አለው።

በመጨረሻም፣ የሐይቁን ጉዳት ሁሉ አስጋሪው ላይ አትጫን። ይህ ሐይቅ ላዩን የሚፈስ መውጫ የለውም። የገባበት ደለልና ኬሚካል እዚያው ይቀራል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ በኩል ይመጣል። ጨለለቃ ቀድሞ ራሱ ሐይቅ ነበር፤ በደለል ነው የጠፋው። ከላይ ዳገቱ ተራቁቶ፣ ከጎን የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ እየወረደ፣ አንተ ከጀልባ ላይ አንድ ሰው ብቻ ብትቀጣ ማን ያምንሃል? በሪፖርትህ ውስጥ ወንዙንም ጻፍ። አስጋሪዎቹ ይህን ስትጽፍ ያዩህ ቀን ሰላምታህን ይመልሱልሃል።

እና መረባቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሽማግሌ ላክ። ይቅርታ ጠይቅ። ምትክ ሰፊ መረብ የሚገኝበትን መንገድ ከማኅበሩ ጋር ፈልግ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ ባዮሎጂ ተምራ «ቀይ ሕንዶች» ጋር ተቀጥራ ወንዝ ውስጥ ገብታ አሳ ትቆጥራለች። ይህ ሥራ ነው ወይ? ነርስነት አይሻላትም ነበር ወይ? ይላሉ።

መልስ፦ እናቴ፣ ሥራ ነው፤ ከባድና የተከበረ ሥራ። በዚያ አገር ነባር ሕዝቦቹ መሬታቸውን ሲያስረክቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በተፈረሙ ውሎች ድሮ በሚያሰግሩበት ቦታ የማስገር መብታቸውን አስቀርተው ነበር። ውሉ ለብዙ ዘመን አልተከበረላቸውም። ሲያሰግሩ እየታሰሩ፣ እየተደበደቡ ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጆርጅ ቦልት የሚባሉ ዳኛ ከሚያዘው አሳ እስከ ግማሹ የእነሱ ድርሻ ነው ብለው ፈረዱ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ከዚያ ጀምሮ አሳውን ከግዛቱ መንግሥት ጋር እኩል ሆነው ያስተዳድራሉ። ለዚያ የራሳቸው ባለሙያ፣ የራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ልጅዎ የምትሠራው ይህን ነው። ቁጥር ከሌለ ድርሻውም ክርክር ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። እዚያው ግዛት ኤልዋ የሚባል ወንዝ አለ። ሁለት ግድቦች ሳልመን የሚባለውን አሳ ለመቶ ዓመት ያህል ወደ ላይ እንዳይወጣ ዘግተውት ኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ፈረሱ። የወንዙ ባለቤት የሆኑት ክላላሞች አሳው እስኪያገግም ብለው ማስገር አቆሙ። በ2023 ነው መልሰው ጥቂት ያሰገሩት። ያን ሁሉ ዓመት ወንዝ ገብቶ የሚቆጥር ሰው ነበራቸው። ልጅዎ ስትደውል «ዛሬ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቋት። ደስ ይላታል።

ጥያቄ፦ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ከአሳ ገበያው ማባረር አይቻልም ወይ? ያስጠላሉ።

መልስ፦ ተዋቸው። የአሳውን አንጀትና ጭንቅላት እነሱ ባይለቅሙት አካባቢው ይገማ ነበር።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ማታ ማታ ከሐይቁ እየወጣ የአንድ ገበሬ በቆሎ ጨርሷል። ልጆቹ ችቦና ዱላ ይዘው ያባርሩታል። መርዝ ባስቀምጥስ? ይላሉ።

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆቹን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቤት ያስቀሩልኝ። ጉማሬ ዝምተኛ ይመስላል እንጂ ሰው ይገድላል። በተለይ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ላይ ይመጣል። ልጆቹ ሲያባርሩት የሚቆሙት ደግሞ እዚያው ነው። መርዙን ይተዉት። በዱር እንስሳት ሕግ ያስቀጣል፤ መርዙም ውሻዎንና ከብትዎን ይገድላል።

ጉማሬ መዝለል አይሆንለትም። በሚመጣበት መንገድ በኩል ጥልቅ ቦይ ወይም የድንጋይ ካብ ያግደዋል። ጎረቤት አስተባብረው በደቦ ይሥሩት። ቀበሌ ሄደው ያስመዝግቡ። ከዚያ ለዱር እንስሳት ጉዳይ ኃላፊነት ወዳለው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ኮፒውን ያስቀሩ። «ነገ እንመጣለን» ብለው ቢቀሩ ተመልሰው ይሂዱ፤ ጎረቤትም ይዘው ይሂዱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ቤት ውስጥ ቅጠል እየተለጠፈ አንድ ሌሊት አይደር።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ለዚህ ሥራ የት ልማር?

መልስ፦ ለዱር እንስሳት ወንዶ ገነት፤ ለአሳ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ። ዋናም ተማር።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከአዳማ ለሽርሽር እንመጣለን። ከሐይቁ ሌላ ምን እንይ?

መልስ፦ ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ሂዱና ቆርኬ የሚባለውን እንስሳ እዩ። ይህ የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ስካውት፣ የመጠለያውን ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ይዛችሁ ግቡ፤ ግቢውን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ጥያቄ፦ ስካውት ናት። ከማኅበሩ አስጋሪዎች ጋር ሌሊት ጀልባ ላይ ትወጣለች። ቀጣሪዋ የሕይወት አድን ጃኬት «በጀት ሲመጣ» ብሏታል። ውሏም በቃል ነው። ደመወዙ ጥሩ ስለሆነ ዝም ልበል ወይ? ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም አትበዪ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጉዳት ቢደርስብሽ ማን እንደሚያሳክምሽ ይጻፍበት፤ የሚያነብልሽ ጠበቃ ፈልጊ። ሐይቁ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነፋስ ሲነሳበት ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጃኬቱ እስኪገዛ ዳር ላይ ሆነሽ የወጣውን አሳ ቁጠሪ። ጀልባ ላይ አትውጪ።