ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ከከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ያለ መሪ ለመውጣት ስንት ሰዓት ልነሳ?

ለአገሩ እንግዳ ሆነው ያለ መሪ ስለሚወጡ፣ መነሻዎን ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ ቆጥረው ይወስኑ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት ይያዙ፤ ሽቅብ ለሚወጡት ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሌላ 1 ሰዓት ይጨምሩ። ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ጉዞ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ስሌቱ ዕረፍትን ስለማያካትት፣ እኔ ሁልጊዜ 2 ሰዓት መጠባበቂያ እጨምርበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ከጫፉ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ሕንፃዎቹ እጅግ ቅርብ ስለሚመስሉ፣ ዋናውን መንገድ ትቶ በአቋራጭ መውረድ ያጓጓል፤ አቋራጩ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ የማይታይ ገደል ላይ ያደርሳል። ስለዚህ ቢመሽብዎም እንኳ በወጡበት መንገድ ይመለሱ፤ የግንባር ባትሪ፣ አስቀድሞ ስልክ ላይ የተጫነ ካርታና የአገሩ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር አይለዩዎት።