ጥያቄና መልስ፦ ቀኑ ያለፈ መድኃኒት ለሚሽን ይዘን ብንሄድስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዳላስ የምኖር ነርስ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሆነን፣ ኡጋንዳ ወደሚገኘው የቢዲቢዲ የስደተኞች ሰፈር ለሁለት ሳምንት የሕክምና ሚሽን ልንሄድ ነው። ምእመናን ከየቤታቸው ያዋጡት መድኃኒት ስምንት ካርቶን ሞላ። ስለየው ግን ግማሹ ቀኑ አልፏል ወይም ሊያልፍ ነው። "ይሄ አይሰጥም" ስል ወንድሞች "እነሱ እኮ ምንም የላቸውም፣ ጸልየንበት እንሰጣለን፣ እምነት ይኑርሽ" አሉኝ። እውነት እምነት አንሶኝ ነው?

መልስ፦ አላነሰሽም እህቴ። ስለ ጾም ጸሎቱ አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ስንት ቦታ ያጋጠመኝ ሌላ ነገር ነው፦ "ለጌታ ሥራ እስከሆነ ድረስ ምንም ቢሆን ይበቃል" የሚለው።

ሚልክያስ 1፥8ን አብራችሁ አንብቡት። ሕዝቡ መሥዋዕት አላቆመም እኮ! ያቀርባል። የሚያቀርበው ግን ዕውሩን፣ አንካሳውን፣ የታመመውን ነው። ለገበያ የማይሆነውን ወደ መሠዊያው ይነዳዋል። እግዚአብሔርም፣ እስቲ ይህን ለአለቃህ አቅርብለት፣ ደስ ይለዋል ወይ? ይላል። አንቺም ጠይቂያቸው፦ ይህን ሽሮፕ ለገዛ ልጃችሁ ታጠጣላችሁ? ዳላስ ላይ የሚጣል ነገር ኡጋንዳ ሲደርስ ስጦታ የሚሆነው በምን ተአምር ነው? በጸሎት ይታደሳል ካሉ መጀመሪያ ራሳቸው ይዋጡት።

ይሄ በእኛው አካባቢም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤርትራ በጦርነት ላይ ሳለች ከመጣላት እርዳታ ውስጥ ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ቀኑ ያለፈ አስፕሪን ነበረበት። አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። የላኩት ሰዎች ክፉዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ልፋቱ የወደቀው ግን በተቀባዩ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ያወጣው መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ ይኑረው፣ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰም አይለገስ ይላል። ስለዚህ ከየቤቱ የተዋጣው፣ ቀኑ ያላለፈውም ጭምር፣ አይሄድም። ይቆጫል፣ አውቃለሁ።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር። ለአንዲት እናት የሠላሳ ቀን የደም ግፊት ክኒን ሰጥታችሁ በዐሥራ አራተኛው ቀን ትመለሳላችሁ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ማን ይስጣት? ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አሰረለት፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። እሱ ግን ወደ እንግዳ ማረፊያ ወሰደው፣ በማግሥቱም ሁለት ዲናር ከፍሎ "ጠብቀው" ብሎ አደራ ሰጠ። መንገደኛ መሆኑን ያውቃላ! እሱ ይሄዳል፣ ባለ ማረፊያው እዚያው ነው። የእናንተ ባለ ማረፊያ በሰፈሩ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩት ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (እንደ እኛ አገር ጤና መኮንን ያሉ ባለሙያዎች) ናቸው። ከአሁኑ አግኟቸው፣ ምን እንደጎደላቸው ጠይቋቸው፣ የሚሉትንም ስሙ። መድኃኒቱንም እነሱ በሚነግሯችሁ ዝርዝር እዚያው ካምፓላ ብትገዙ ይሻላል፣ ሠራተኞቹ የሚያውቁት ስምና መጠን ይሆናል። ለምታክሙት ሰው ሁሉ ካርድ ጻፉ፣ ካርዱን ለእነሱ ተዉላቸው። ስትመለሱም ስልካቸውን አንሡ፤ ሳምራዊው "ስመለስ እከፍልሃለሁ" ያለው ለወሬ አልነበረም።

ደግሞ በኡጋንዳ ለመሥራት ከአገሩ የሙያ ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። "ጌታ በር ይከፍታል" ብላችሁ ያለ ፈቃድ መርፌ እንዳትይዙ። የቢጫ ወባ ክትባቱም ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፣ ለመጨረሻ ሳምንት አትተዉት።

ካርቶኖቹን በአቅራቢያችሁ ያለ መድኃኒት ቤት እንዲያስወግዳቸው ውሰዷቸው። ወንድሞች ካኮረፉ በእኔ አመካኚ።