«እየጾምኩ ለምን እወፍራለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዬ 46 ሲሆን የምተዳደረው በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነው። ከአራት ወር በፊት ራሴን አሞኝ ስመረመር ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለብሽ ተባልኩ። ክብደቴ 88 ኪሎ፣ ቁመቴ 1.60 ሜትር፣ የወገቤ ዙሪያ 104 ሴንቲሜትር፣ ግፊቴ 142/90፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 112፣ ትራይግሊሰራይድ 210፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ደግሞ 38 ነበር። በወሩ ተመለሺ ብለውኝ አልሄድኩም። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እጠጣለሁ፤ ስኳር ያለባት ጎረቤቴም ከኪኒኗ ግማሽ ግማሽ ትሰጠኛለች። ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ክብደቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሎሚው አንሶ ይሆን? እናቴ በስኳር በሽታ እግሯ ተቆርጦ ነው ያረፈችው።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ሎሚ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን በመጨረሻ የጻፉት ይመስለኛልና ከእሱ ልጀምር። የእናትዎን ነፍስ ይማር። በስኳር በሽታ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰው፣ ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ የእግርን ነርቭና የደም ሥር ከጎዳ በኋላ፣ ትንሿ ቁስል ሳታም ስለምትሰፋ ነው። የስኳር በሽታ የሚባለው በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ሲሆን፣ የእርስዎ 112 ከ100 እስከ 125 ባለው፣ ወደ ጤናማው መጠን ሊመለስ በሚችለው ደረጃ ላይ ይገኛል። የእናትዎ መታመም ተጋላጭነትዎን ይጨምረዋል፤ ነገር ግን ዛሬ ያሉበት ቦታ እሳቸው ከነበሩበት እጅግ የራቀ ነው።

ሜታቦሊክ ሲንድሮም ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን፣ የወገብ ዙሪያ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት) እና ጥሩው ኮሌስትሮል ከሚባሉት አምስት ልኬቶች ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ ሲዛቡ የሚሰጥ ስም ነው። ሆድ ዕቃና ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ለኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይታዘዝ ስለሚያደርገው አምስቱ ተያይዘው ይመጣሉ። እርስዎ ዘንድ አምስቱም ተዛብተዋል፤ ስለዚህ ልብዎንና አንጎልዎን ለመጠበቅ ሥራው አሁኑኑ መጀመር አለበት።

ሎሚ ስብ አያቀልጥም፤ መጠኑን ቢጨምሩትም ከጨጓራ ማቃጠል በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

የጎረቤትዎን ኪኒን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ስሙን አልጻፉልኝም፤ ምናልባት እርስዎም አያውቁትም፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ፣ ምግብ ይብሉም አይብሉ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ባልቀመሰ ሰው ላይ ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብዎ በፍጥነት ከመታ ወይም ነገር ከተምታታብዎ፣ ሰዓቱ አልደረሰም ሳይሉ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ሳይጨመር በቶሎ ሆስፒታል ይወሰዳል። እናቷን በዚህ በሽታ ያጣች ሴት የሰው መድኃኒት ለአራት ወር በግምት ስትውጥ፣ የተሰጣትን ቀጠሮ ግን ስትተው ማየት በእውነት ያሳዝነኛል። ሐኪሙ የሚቆጣዎት መስሎዎት ከሆነ ይቆጣ፤ ቁጣው ያልፋል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ በከተማችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። «የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚለው እምነት በጣም ሥር የሰደደ ነው። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ከገበታው ስለወጡ ስብም አብሮ የወጣ ይመስለናል። አንድ ግራም ስብ ግን ከቅቤም ይምጣ ከኑግ፣ የሚሰጠው ኃይል ያው 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ልክ እንደ ቅቤ ደም ሥርን የሚጎዳው የስብ ዓይነት ስለሆነ፣ በጾም ስም ቅቤን በእሱ መተካት ለልብ ዕረፍት አይሰጥም።

እስቲ የጾም ወጥ ሲሠራ ልብ ብለው ይመልከቱ። ዘይቱ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ይንዶቀዶቃል፤ ሽንኩርቱ ይዋኝበታል፤ ሽሮው ሲወርድ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ካልታየ ባለሙያዋ እጇ እንዳጠረ ይቆጠርባታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀኑን ሙሉ የራበው ሰው ሁለት እንጀራ አጥፎ፣ ድንች ጥብስና ሳምቡሳ ጨምሮ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ይጠጣል፤ ማታም ይደግማል። ከዚያ በኋላ ክብደት ቢጨምር ምን ይደንቃል? አይጹሙ እያልኩዎት እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑና ባቄላው እኔ ራሴ ከማዝዘው ምግብ የማይለዩ ናቸው፤ የሚያበላሻቸው አሠራራችን ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉትና ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክተው ለመላው ድስት ሁለት ማንኪያ ብቻ ይጨምሩ። ከገበታዎ ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይሁን፤ እንጀራውን ወደ አንድ ያውርዱ፤ ስኳሩን ከሻይና ከቡና ያውጡ፤ ጨውም ይቀንሱ። በፋሲካ ሳምንት ደግሞ የጾሙን ወራት ለማካካስ አይሽቀዳደሙ።

ክብደትዎ ወደ 60 ኪሎ መውረድ አለበት ብዬ አላስጨንቅዎትም። በአሜሪካ ስኳራቸው ከጤናማው ከፍ ያለ፣ በሽታው ግን ያልያዛቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ይቻላል፤ ሲቻልም በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሱቅ ተቀምጠው ስለሚውሉ እግርዎን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ጎንደር ደግሞ አቀበት አላጣችም። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲሄዱ ባጃጁን ይተዉት፤ ጠዋት ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት በግንቡ ዙሪያ 30 ደቂቃ፣ ማውራት እስኪቻል ግን መዝፈን እስኪያቅት ፈጠን ብለው በሳምንት አምስት ቀን ይራመዱ። ደረትዎን ካጨነቀዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቆም ይበሉና ከመቀጠልዎ በፊት ይታዩ።

በየወሩ ወገብዎን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ሜትሩ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ይዙር፤ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ይነበብ። ሚዛኑ ሳይወርድ ወገብ የሚቀንስበት ጊዜ ስላለ ተስፋ አይቁረጡ።

ግፊትዎ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከአኗኗር ለውጡ ጋር መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ ራስ ምታቱ ስለተወዎት ግፊቱም ወርዷል ብለው እንዳይተዉት። በዚህ ሳምንት ወደ መረመሩዎት ሐኪም ይመለሱ። የላቦራቶሪ ወረቀትዎንና የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙ፤ ሲወስዱት የቆዩትም ሳይደበቅ ይነገር፤ አለበለዚያ አዲሱ የስኳር ውጤት በኪኒኑ ምክንያት ዝቅ ብሎ ሐኪሙን ያሳስተዋል።