የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በወላጆቼ አገር ለምን እንግዳ ሆንኩ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዲቆይ ጠይቀዋል፤ ደብዳቤዎቹም ለቦታ ሲባል አጥረዋል።

ጥያቄ፦ የተወለድኩትም ያደግኩትም ወላጆቼ በወጣትነታቸው በተሰደዱበት አገር ነው። የእነርሱን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በቅርቡ፣ ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ ነው። ቋንቋውን ቤት ውስጥ እየሰማሁ ስላደግኩ፣ መልኬም ስሜም የዚያው አገር ስለሆነ፣ ወደ ቤቴ እንደምገባ አስቤ ነበር የሄድኩት። አብራኝ የተጓዘችው የሥራ ባልደረባዬ ከአገሩ ጋር ምንም ዓይነት የትውልድ ግንኙነት የላትም። እርሷ አንዲት ሰላምታ አጥንታ ስትናገር ቤቱ ሙሉ አጨበጨበላት። እኔ ደግሞ አንድን አዛውንት ለእኩያ በሚነገርበት አነጋገር ሳናግራቸው መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ከዚያም አክስቴ «እናትሽ ይህን እንኳ አላስተማረችሽም?» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከክፍሌ መውጣት አስጠላኝ፤ በትንሹም በትልቁም እበሳጭ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ የቀረኝ እፍረት ነው። በራሴ ወገኖች መካከል እንዲህ መሆኔ የጤና ነው? ደግሜስ መሄድ ይገባኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎ ነገር የጤና ነው፤ የወላጆቻቸውን አገር ለማየት በሚሄዱ ሰዎች ላይ በየትም ዓለም የሚታይ ነው። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ባደረገውና በ1960 ታትሞ በወጣው ንግግሩ የባህል ድንጋጤን እንደ አንድ የሕመም ዓይነት ቆጥሮ ምልክቶቹን ዘርዝሯል። ስለሚጠጡት ውሃ ከመጠን በላይ መጨነቅ፣ እጅን ደጋግሞ መታጠብ፣ ፈዞ ሩቅ ማየት፣ ለጥቂት መዘግየት ቱግ ማለት፣ ሰው ሁሉ ሊያታልለኝ ነው ብሎ መስጋት እና ወደ ቤት የመመለስ ብርቱ ናፍቆት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ ሰው ሳያስበው በየዕለቱ የሚመራባቸው ጥቃቅን ምልክቶች በድንገት እንደሚጠፉበት ይገልጻል፤ መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ ግብዣን መቼ እንደሚቀበሉትና መቼ እንደማይቀበሉት፣ የተነገረን ነገር የምር አድርጎ መውሰድ የሚገባው መቼ እንደሆነ ማወቅ ያቅተዋል። ከክፍልዎ መውጣት ያስጠላዎት፣ በትንሹም በትልቁም የተበሳጩት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ኦበርግ በዋናነት በዓይነ ሕሊናው የያዘው ባዕድ አገር ለሥራ የሚሄደውን ሰው ነው። የእርስዎን ጉዳይ ይበልጥ የሚያብራራው የቪየና ተወላጅ የሆነውና ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ፈላስፋና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አልፍሬድ ሹትስ ነው። ሹትስ እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ እንግዳ፣ በ1945 ደግሞ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ሰው ሁለት ጽሑፎች አሳትሞ ነበር። እንግዳ የማያውቀው ነገር እንደሚጠብቀው አውቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓይኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ እየጠየቀ ይራመዳል። ተመላሹ ግን የሚገባበትን ቦታ ጠንቅቆ እንደሚያውቀው ስለሚያምን ሳይጠነቀቅ ይገባል፤ የሚጎዳውም በዚሁ ነው። እርስዎ በእውቀትዎ እንግዳ ሆነው ሳለ በስሜትዎ እንደ ተመላሽ ሰው ነው የሄዱት። በዚያ ላይ የያዙት እውቀት የእርስዎ አልነበረም፤ ከወላጆችዎ የተቀበሉት ነው፤ እነርሱም የሚያውቁት አገራቸውን ለቀው በወጡበት ዘመን የነበረውን አነጋገር፣ የዚያን ዘመን ሥርዓትና የዚያን ዘመን መንገድ ነው። አገሩ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ በቤትዎ ማንም አልነገረዎትም፤ ምናልባትም የሚያውቅ አልነበረም።

ጭብጨባውና ሳቁ የሚለያዩበት ምክንያትም በአስተናጋጆችዎ በኩል ካለው ግምት የሚመነጭ ነው። ከባልደረባዎ ማንም ምንም አልጠበቀም፤ ስለዚህ አንዲት ቃል ብትናገር ትርፍ ሆነላት። ከእርስዎ ግን መልክዎንና ስምዎን ያየ ሁሉ ሙሉውን ይጠብቃል፤ የጎደለችው አንዲት ነገር ብቻ ትታያለች። ይህ በሰፊው የታየው በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳቶ ማሩ በተባለች መርከብ 781 ጃፓናውያን ወደ ብራዚል ተሰድደው ነበር፤ ተከታዮቻቸውም ብዙ ነበሩ። የጃፓን መንግሥት በ1990 ሥራ ላይ በዋለው የኢሚግሬሽን ሕግ ማሻሻያ የእነዚህ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ አያቶቻቸው አገር ገብተው እንዲሠሩ ፈቀደ፤ በ2007 ቁጥራቸው ከ300 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። የትውልድ ግንኙነታቸው ከሌሎች የውጭ ሠራተኞች ይልቅ በቀላሉ ያላምዳቸዋል የሚል ተስፋ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ፊታቸው ጃፓናዊ በመሆኑ አነጋገራቸውም አካሄዳቸውም ጃፓናዊ እንዲሆን ይጠበቅባቸው ስለነበር፣ ለሌላው የውጭ አገር ሰው የሚታለፈው ስሕተት ለእነርሱ አልታለፈም። በብራዚል ሳሉ «ጃፓኖቹ» እየተባሉ የኖሩት ሰዎች ጃፓን ሲደርሱ ብራዚላዊነታቸው ጎልቶ ወጣ፤ ከመካከላቸውም ሆን ብለው በአለባበስና በአነጋገር ብራዚላዊ መሆናቸውን ማሳየት የጀመሩ ነበሩ፤ ቢያንስ ከእንግዲህ ጃፓናዊ ሁኑ ብሎ የሚጠብቅባቸው አይኖርምና። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ በዳያስፖራ ለሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች በአገሯ የመኖር መብት የሚያገኙበትን በር ከፍታለች። እንዲህ ያሉ ሕጎች የሚመለከቱት የትውልድ ሐረግን ነው፤ እራት ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ዘመድ ግን የሚመለከተው አፍዎን ነው።

ስለ አክስትዎ ንግግር ለብቻው ማንሳት እወዳለሁ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደው እርሱ ይመስለኛልና። ዓረፍተ ነገሩን ደግመው ያንብቡት፤ ወቀሳው የቀረበው በእናትዎ ላይ ነው። ከቤተሰብ አንዱ ሲሰደድ የቀሩት ወላጅ መጦርን፣ ሐዘን መቀመጥን፣ ርስት መጠበቅን ያለ እርሱ ይሸከማሉ፤ የሄደው ደግሞ ከሩቅ ገንዘብ እየላከ ሳይመለስ ይቀራል። ይህ ሁሉ በስልክ አይወራም። ከብዙ ዓመት በኋላ እርስዎ የእናትዎን ፊት ይዘው በር ላይ ሲቆሙ፣ ለእርሷ ሊነገር ይገባ የነበረ ነገር በእርስዎ በኩል ይወጣል። አክስትዎ የጎደለውን ቋንቋ እያዩ የጎደለችውን እህት ያስታውሳሉ። አክስትዎ መልካም አደረጉ ማለቴ አይደለም፤ ንግግሩ ያማል። ነገር ግን ያላጠፉትን ጥፋት የራስዎ አድርገው ማፈርዎ ትክክል አይመስለኝም፤ ከተቻለም ለብቻ አግኝተው «እናቴ የሄደች ጊዜ ምን ሆኖ ነበር?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩበት ድምፅ ይለወጣል ብዬ እገምታለሁ።

መልሰው መሄድን በተመለከተ፣ ይሂዱ። የኖርዌዩ ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ፣ ከስድስት ወር በታች የቆዩትና ከአሥራ ስምንት ወር በላይ የቆዩት በደህና ሲላመዱ በመካከሉ ያሉት መቸገራቸውን ጽፎ ነበር፤ ከዚህ በመነሣትም መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ጭንቀት፣ በኋላ መላመድ ይመጣል የሚለው ትምህርት ተስፋፋ። ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ግን በ1998 ባወጡት፣ ኒውዚላንድ የገቡ ጃፓናውያን ተማሪዎችን በተከታተለ ጥናት ጭንቀቱ የበረታው ገና ሲገቡ ሆኖ አገኙት። በእኔ አስተያየት ለእርስዎ ይበልጥ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ያዩት የመግቢያውን ክፍል ብቻ ነው፤ የመላመዱ ሳይደርስ ተመልሰዋል። ሲሄዱ ግን ዘመድ ለማዳረስ ብቻ አይሂዱ፤ በየቤቱ አንድ አንድ ሰዓት ተቀምጦ መፈተን ማንንም ያደክማል። አንድ መደበኛ ሥራ ይያዙ፤ ለምሳሌ በየጠዋቱ ከአስተማሪ ጋር ቋንቋውን መማር፣ ወይም በየቀኑ አንድ ቦታ ሄዶ አንድ ዓይነት ነገር መሥራት። ዕድሜው ከእርስዎ የሚቀራረብ አንድ ዘመድ መርጠውም «ስሳሳት ለብቻዬ ንገረኝ» ይበሉት። ገና ሲተዋወቁ «ያደግኩት ሌላ አገር ነው፤ ብሳሳት አርሙኝ» ማለትም ይጠቅማል፤ ባልደረባዎ ያለ ልፋት ያገኘችው ምሕረት ለእርስዎም በመጠኑ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ በመጪው ክረምት ሁለቱን ልጆቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተወለድኩበት አገር ልወስዳቸው ነው። የአሥራ አራትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ባለቤቴ ስለሚያስቸግሩ ነገሮች አስቀድመን እንንገራቸው ትላለች፤ እኔ ግን ሳያዩት እንዳይጠሉት እሰጋለሁ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ባለቤትዎ። ድንጋጤውን የሚያከብደው ያልተጠበቀ መሆኑ ነውና ልጆች አስቀድሞ የተነገራቸውን ችግር ሲያዩት «አባዬ ያለው ይኸው» ብለው ያልፉታል። ንግግሩ ግን ዝርዝር ይሁን። «ባህላችን የተለየ ነው» ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ «ብዙ ሰው ያቅፋችኋል፤ ስለ ሰውነታችሁና ስለ ትምህርታችሁ ፊት ለፊት አስተያየት ይሰጣል፤ ለብቻ የሚሆኑበት ክፍል ላይኖር ይችላል፤ ዘመዶች በውጭ የሚኖር ሰው ገንዘብ አያጣም ብለው ስለሚያስቡ ነገር ሲጠይቁ ትሰሙ ይሆናል» ማለት ግን ይረዳቸዋል። በገንዘቡ ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚሰጡና በማን በኩል እንደሚሰጡ ከመነሣትዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ፤ ልጆቹ ፊት አይደራደሩ።

ከመድረሻው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን የዘመድ ጥየቃ እንዳይኖር አድርጉ። ሰውነት የሰዓት ልዩነትን የሚለምደው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ከሰባት ሰዓት ልዩነት የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳየው ኩርፊያ አብዛኛው እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ዘመድ ግን ጥጋብ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። ልጆቹን በእንግዳ ፊት «እስቲ በቋንቋችን ተናገሩ» እያሉ አያስፈትኗቸው። አንድ ጊዜ የተሳቀበት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እስከ መመለሻው ቀን ድረስ አፉን አይከፍትም። በዕድሜ ከሚቀራረቧቸው የአጎትና የአክስት ልጆች ጋር ለብቻቸው ቢተዋቸው፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ በምልክትም በጨዋታም ይግባባሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤዎ ውስጥ የልጆቹ ስሜት እንጂ የእርስዎ ስሜት አልተነሣም። ከላይ የጠቀስነው ተመላሽ ሰው እርስዎ ነዎት። የሚያውቁት ሰፈር ፈርሶ፣ እኩዮችዎ አርጅተው፣ የሚያስታውሱት መንገድ ተዘግቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በዚያ ሰዓት «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» እያሉ ሲቆጡ ልጆቹ ያዩዎታል፤ አገሩን መውደድ ወይም መሸሽ እንዳለባቸው ከእርስዎ ፊት ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ቅር ሲሰኙ ቅር እንደተሰኙ ይንገሯቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ስሜትዎ ሲለወጥ እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ወደ አያቶቼ አገር ሄጄ ደስ ብሎኝ ቆይቼ ተመለስኩ። አሁን የተቸገርኩት እዚህ፣ በተወለድኩበት ከተማ ነው። ጓደኞቼ ስለ ጉዞዬ ሁለት ደቂቃ ሰምተው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ፤ የሁሉም ነገር ችኮላ ያበሳጨኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ጆንና ጂን ገላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፉት ስለዚሁ ነው፤ ከሄዱበት ሲመለሱም የመላመዱ ውጣ ውረድ እንደገና ይጀምራል ብለዋል። የመመለሻው ድንጋጤ ሰውን የሚያዘናጋው በገዛ ቤቱ ይደርስብኛል ብሎ ስለማይጠብቀው ነው። በጓደኞችዎ አይቀየሙ፤ ያላዩትን አገር ታሪክ ለመከተል የሚይዙት ነገር የላቸውም። ይልቅ እንደ እርስዎ ሄዶ የተመለሰ ሰው ይፈልጉ፤ እርሱ ሁለት ሰዓትም ይሰማዎታል። እዚያ ከተዋወቋቸው መካከል ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ጋርም በተወሰነ ቀን መደዋወልዎን አይተዉ፤ ከሁሉም ጋር ልቀጥል ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከማንም ጋር አይቀጥልም። ብስጭቱ ለሳምንታት ሳይቀንስ እንቅልፍዎንና የምግብ ፍላጎትዎን ከነሣዎት ወይም ሥራዎን ካደናቀፈ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያነጋግሩ ይሻላል፤ ሲሄዱም ጉዞውን ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩት።